ተሳታፊ ሰባት

ወይዘሮ ዘሪቱ እንግዳዋን ወደ ቤት በማስገባት ፈንታ በጓሮ በኩል አዙረው በቀጥታ ወደ ሽንት ቤቱ ወሰዷት። እስከዳር ምን ማለት እንደሚገባት ግራ ገባት። ሴትዮዋ የሣር ክዳኑን፣ የእንጨት መክደኛውን፣ ለእጅ መታጠቢያ የተንጠለጠለውን ጀሪካን በየተራ አሳዩዋት። ባለፈው የመጣችው ልጅ አመድ ይነስነስበት ብላ እንደነበር፣ አመዱም ይኸው እንደተነሰነሰ አስረዱ። እስከዳር ራሷን ነቀነቀች። ጐንበስ ብላም ወደ ጉድጓዱ አየች። ከዚያ ጥሩ ነው አለች። ሴትዮዋ ጥሩነቱ እስኪጻፍ ድረስ ንቅንቅ እንደማይሉ ስታይ ደብተሯን ገልጣ «ሽንት ቤት፦ ጥሩ» ብላ ጻፈች።

ቤት ገብተው መደቡ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለመሆኗን፣ ተማሪ መሆኗን፣ የመጣችውም ስለ መሬት ልትጠይቅ መሆኑን አቀርቅራ የተናገረችው። ወይዘሮ ዘሪቱ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ታዲያ ምን ቤት ነኝ ብለሽ ነው ሽንት ቤቴን ያየሽው?»

«እምቢ ማለት አፍሬ ነው፣ እማማ።»

ሴትዮዋ ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። እምቢ ማለት የምታፍር ሴት አንድ ቀን የሰው ሽንት ቤት ስትጠርግ ትውላለች አሉ። እስከዳርም ፈገግ አለች፤ ግን አባባሉ ውስጧ ቀረ።

እስከዳር የደብረ ወርቅ ልጅ ናት። ማርቆስ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የሥርዓተ ጾታ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ክፍል ውስጥ ድምጿን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ታላቅ ወንድሟ ዲያቆን ዘማርያም የምትማረውን ሲሰማ፣ ሴትነት የሚያስመርቅ ከሆነ ላማችንም ትመረቅ ብሎ ነበር፤ ቤተሰቡ ሁሉ ስቋል፤ አባቷም ጭምር። እሷ ያኔም አልመለሰችም። አራት ዓመት ሙሉ በልቧ ስትመልስለት የኖረችው ግን አንድ መልስ ነበር፦ ሰኔ ላይ ወረቀቱን ይዛ መግባት።

የመመረቂያ ጥናቱ የሚሠራው ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው። እሷ ከአንሙት ጋር ደረሳት። ርእሳቸው የገጠር ሴቶች በመሬታቸው ላይ ያላቸው የመወሰን ድርሻ ነው። በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን መለጠፍ ከጀመረ ቆይቷል። ጥናቱ የሚጠይቀው፣ መሬቱ ሲከራይ፣ ለእኩል አራሽ ሲሰጥ፣ ለልጅ ሲቆረስ፣ ፎቶግራፍ የተለጠፈላት ሴት ቃሏ ይሰማል ወይ ብሎ ነው። ስድሳ ሴቶች መጠየቅ አለባቸው። በእያንዳንዱ መጠይቅ መጨረሻ ሴቲቱ ፈቅዳ መልስ መስጠቷን የሚያረጋግጥ ቦታ አለ፤ የምትችል ትፈርማለች፣ የማትችል በጣቷ ታትማለች።

አንሙት የደብረ ኤልያስ ገበሬ ልጅ ነው። ትምህርት ክፍሉ ሳይመርጠው የደረሰው ነበር። ሴት ተማሪዎች ባሉበት ራሱን የሴቶች ጠበቃ ብሎ ይጠራል፤ ወንዶች ብቻ ሲሆኑ ደግሞ ትምህርቱን የድስት ትምህርት ይለዋል። በግራ አውራ ጣቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የማጭድ ጠባሳ አለው። በልጅነቱ ጤፍ ሲያጭድ የቆረጠው ነው። ይህን ጠባሳ ለከተማ ልጆች እንደ ሜዳልያ ያሳየዋል። ገጠርን ልታስተምሩኝ አትችሉም፤ ገጠር እዚህ ላይ ተጽፏል ይላል። እስከዳር ጠባሳውን ከሃያ ጊዜ በላይ ሳታየው አልቀረችም።

በየካቲት መንገዱ በጸጥታው ምክንያት አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። እስከዳር በተከፈተ ቁጥር በሚኒባስ ይጁቤ ትወርድና ከዚያ በእግሯ ትሄዳለች። አንዷን ሴት ለመጠየቅ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። ሴቶቹ ጥያቄ ሲጠየቁ ሥራ አያቆሙምና፣ እህል ሲያበጥሩ አብራ እያበጠረች፣ ውሃ ሲቀዱ አብራ እየወረደች ነው የምትጽፈው። በወሩ መጨረሻ በእጇ የነበሩት አሥራ አምስት መጠይቆች ነበሩ። አንሙት ሰነፍ አላት። የቀሩትን አርባ አምስቱን እኔ እወጣዋለሁ፣ አንቺ እንደ ዔሊ ስትሄጂ ምርቃቱ ያልፈናል አለ። አንድ ሰኞ ወጣ፤ ሐሙስ አርባ አምስቱን በፌስታል ይዞ መጣ።

ከአሥራ አምስቱ ሴቶች ሰባተኛዋ ወይዘሮ ዘሪቱ ነበሩ። ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ሲደርሱ፣ በቤትዎ ስለ መሬት የሚወስነው ማነው፣ ባል፣ ሚስት ወይስ ሁለቱም ብላ አነበበችላቸው። ወይዘሮ ዘሪቱ ባለቤታቸው አፈር ከለበሱ ሰባት ዓመት እንደሆናቸው ነገሯት። ከዚያም የሞተ ሰው ይወስናል የሚል ቦታ ወረቀትሽ ላይ አለ ወይ ብለው ጠየቋት። የለም አለች። መኖር ነበረበት አሉ፤ በዚህ አገር ሙታን ብዙ ነገር ይወስናሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባላቸው በሞቱ በዓመቱ የባላቸው ወንድም አምሳሉ አንድ ወረቀት ይዞ ብቅ አለ። ወረቀቱ መሬታቸውን ለሃያ አምስት ዓመት አከራይተውታል የሚል ነው፤ ከግርጌውም የጣት አሻራ አለበት። የማነው ሲባል የዘሪቱ ነው ተባለ። ምስክርም ተቆጠረ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሊያጸናለት ምንም አልቀረውም ነበር። ወይዘሮ ዘሪቱ ተነሥተው ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡኝ አሉ። ኮሚቴው ሳቀ። ሰጧቸው። እሳቸውም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ በልጅነታቸው፣ ሦስት ክረምት ዛፍ ሥር ተቀምጠው የተማሩትን ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉና አስረከቡ። መጻፍ የምትችል ሴት በጣት አትፈርምም። ኮሚቴው መሳቁን ተወ፤ አምሳሉም መሬቱን ተወ።

ይህን ሲጨርሱ የእስከዳርን እስክሪብቶ ከእጇ ወሰዱ። በወረቀቱ ግርጌ፣ ከመስመሩ ወጣ ባሉ ትልልቅ ፊደሎች ዘሪቱ ብለው ጻፉ።

«ጣት ሁሉም አለው፣ ልጄ። ሌባም አለው። ስም ግን ተምሮ ነው።»

መልሶችን ኮምፒውተር ላይ የማስገባቱ ሥራ የእስከዳር ነበር። አንሙት ይህን ሥራ የሴት ሥራ ነው አላለም፤ አንቺ ጥንቁቅ ነሽ ነው ያለው። የራሷን አሥራ አምስት ቀድማ አስገባች። አሥራ አንዱ ስማቸውን ጽፈዋል፣ ሦስቱ የመስቀል ምልክት አድርገዋል፣ አንዲት አሮጊት በጣታቸው አትመዋል። ከዚያ የአንሙትን ፌስታል ፈታች።

አርባ አምስት ሴቶች፣ አርባ አምስት ባል። አንዲት መበለት የለችም፤ አንዲት ፈት የለችም። በአርባ አምስቱም ቤት የሚወስነው ባል ነው። ሴቶቹ ሁሉ ደስተኛ አይደሉም፤ ለምን ሲባሉም ሁሉም በአንድ ቃል በባህል ተጽዕኖ ምክንያት ብለዋል። እስከዳር ከይጁቤ አካባቢ ሴቶች መካከል በባህል ተጽዕኖ ምክንያት ብላ የምታወራ ሴት አላጋጠማትም ነበር። አርባ አምስቱም በጣት አትመዋል። መጀመሪያ ያሰበችው ይህን ብቻ ነው፦ ሊዋሽ እንኳ ሲቀመጥ፣ ስሟን መጻፍ የምትችል አንዲት ሴት አልታየችውም።

ቀጥሎ አሻራዎቹን አየች። በሐምራዊው የማኅተም ቀለም መካከል፣ ከላይ እስከ ታች፣ ነጭ መስመር አለ። ሌላውን ገጽ ገለጠች፤ ነጩ መስመር አለ። ሃያኛው ላይ ስትደርስ መግለጧን አቆመች። ከሃያ ጊዜ በላይ ያየችውን ነገር ለማወቅ ብዙ ማየት አያስፈልጋትም።

በሦስተኛው ቀን ኮሌጁ በር ላይ ካለው ሻይ ቤት አገኘችውና ወረቀቶቹን ፊቱ ዘረጋችለት። አንሙት አልደነገጠም። ተቀመጪ፣ ሻይ ጠጪ አላት። መንገድ ተዘግቶ እንደነበር፣ በዚህ ጊዜ ገጠር የሚወጣ እንደ እሷ ያለ የዋህ ብቻ እንደሆነ አብራራላት። ሥራውን የጨረሰው እዚሁ ሻይ ቤት፣ እዚችው ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ሲናገር ድምፁ ላይ ኩራት ነበረበት።

«ምን የማላውቀውን ሊነግሩኝ ነው? እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። እናቴን አውቃታለሁ፤ አርባ አምስቱም እሷ ናቸው።»

«እናትህ ስሟን መጻፍ አትችልም?»

ብርጭቆውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ቀረ።

«ጠይቄያት አላውቅም» አለ።

ወዲያው ግን ወደ ቀልቡ ተመለሰ። ጥናቱ አንድ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ሁለት ነው። እኔ ከወደቅሁ አብረሽኝ ትወድቂያለሽ፤ ደብረ ወርቅ ያሉት ወንድምሽ ምን እንደሚሉ አስቢው አላት። የወንድሟን ቀልድ አንድ ቀን በየዋህነት ነግራው ነበር። እስከዳር ሰው የሚንቃትን ያህል ሰውን መናቅ እንደምትችል በዚያች ሰዓት ገባት። ንቀቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደ ሌሊት ውርጭ፤ ድምፅ አልነበረውም።

አማካሪያቸው መምህር አካለ ወልድ ይባላል። ገጠርን የሚያውቀው በመኪና መስኮት ነው፤ እሱንም መስኮቱን ዘግቶ፣ አቧራ ስለማይስማማው። በዚያው ሰሞን በተከበረው የሴቶች ቀን ሐምራዊ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ስለ ቤት ውስጥ የሥራ ክፍፍል አርባ ደቂቃ ተናግሮ ነበር። እሱ ሲናገር ሴት ተማሪዎቹ ቆመው ለስላሳና ዳቦ ቆሎ ያድሉ ነበር። ወንዶቹ ተቀምጠው ያጨበጭቡ ነበር። እስከዳር ከአዳዮቹ አንዷ ነበረች፤ ለመምህሩም ያደለችው እሷ ናት። ሳያያት ተቀብሏታል።

ወረቀቶቹን አቀረበችለት። አሻራዎቹን አንድ በአንድ አየ። ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ ለአፍታ ታየ። ከዚያ ወረቀቶቹን አስተካክሎ ደረበና ስለ ሌላ ነገር ጀመረ። ውጤታችሁ ጥሩ ነው፣ ከስድሳ ሴቶች ሰማንያ ሁለት ከመቶው ባል ይወስናል ብለዋል፣ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ውጤት በተማሪ ጥናት አይቼ አላውቅም አለ። ችግር ያለው ያንቺዎቹ አሥራ አምስት ላይ ነው አለ። አንዷ ከአማቿ ጋር ተሟግታ መሬት ታስመልሳለች፣ ሌላዋ ባሏን ታስፈርማለች፣ ሦስተኛዋ ታከራያለች፤ እነዚህ ከመስመር የወጡ ናቸው፣ ጥናቱን ያበላሹታል። ብታስተካክያቸው ደግ ነበር።

«እነሱ እውነተኞቹ ናቸው፣ መምህር» አለች።

ድምጿ እንደልማዷ ዝቅ ያለ ነበር። እሱ የሰማ አልመሰለም። ወይም የሰማ አልመሰለም እንዲባል ፈለገ። ጥናቱ ፈታኞች ፊት በሚቀርብበት በዲፌንሱ ቀን የሚናገረው አንሙት ይሁን፤ አንቺ ዓይን አፋር ነሽ፣ ስላይድ ቀይሪ ብሎ አሰናበታት።

ከቢሮው ስትወጣ ያ የሽንት ቤቱ ነገር ትዝ አላት። የአካለ ወልድንም የአንሙትንም ስትጠርግ ልትኖር ነው። እምቢ እንድትል ግን ከአፏ የሚወጣ ነገር አልነበራትም። ይህን ታውቃለች። ሰው ፊት ቆማ መናገር አይሆንላትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ስለዚህ መናገሩን ተወችውና በተሰጣት ሥራ ላይ አሰበች። ስላይድ ቀይሪ ተብላለች። ይቀየራል።

የዲፌንሱ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፊት ለፊት ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው ከውጭ የተጋበዙት ሽማግሌው ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ ከማለዳ ጀምሮ ስምንት ጥናት ሰምተው ዓይናቸው ደክሟል። አካለ ወልድ ሻርፑን አድርጎ ዳር ይዟል። አንሙት ከሌላ ሰው በተዋሰው ኮት ቆሞ፣ የገጠሯን ሴት ሰቆቃ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይተርካል። እኔ ራሴ የገበሬ ልጅ ነኝ አለና እጁን ከፍ አድርጎ ጠባሳውን ለአዳራሹ አሳየ። ሰው አጨበጨበ። እስከዳር ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች።

አንሙት በመጨረሻ ወደ ውጤቱ ደረሰና ስላይድ አላት። ግድግዳው ላይ መውጣት የነበረበት ሰማንያ ሁለት ከመቶ የሚለው ሰንጠረዥ ነው። የወጣው ሌላ ነው። በስልኳ አንስታ ያዘጋጀቻቸው የጣት አሻራዎች ናቸው፤ ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ሦስት፣ እያንዳንዳቸው ሰሃን የሚያክሉ። በዘጠኙም ላይ ነጩ መስመር ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። እስከዳር ቁልፉን ነካች፤ ሌላ ዘጠኝ። ነካች፤ ሌላ ዘጠኝ። አንሙት ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ስለነበር ንግግሩን ቀጠለ። አዳራሹ ጸጥ ማለቱን ያየው ዘግይቶ ነው፤ ስለ ሴቶች ሲናገር የተመሰጡ መስሎት ድምፁን ጨመረ።

ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ይህ ምንድነው ብለው ጠየቁ። የጠየቁት አንሙትን ነው። እሱ ዘወር ብሎ ግድግዳውን አየ። መልሱ ከኮምፒውተሩ በኩል መጣ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን አዳራሹ ጸጥ ስላለ እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰማ።

«እነዚህ አርባ አምስት ሴቶች አንድ ጣት ነው ያላቸው።»

ዶክተሩ አንሙትን አውራ ጣቱን እንዲያሳያቸው በትሕትና ጠየቁት። ቅድም በሩቅ ስላዩት ነው፤ አሁን በቅርብ ለማየት ፈልገው ነው። አንሙት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎም ብዙ ሰው። አካለ ወልድ ሻርፑን ማስተካከል ጀመረ፤ አስተካከለው፣ ደግሞ አስተካከለው። ወዲያው ተነሥቶ ነገሩ በጥናቱ ውስንነት ክፍል ውስጥ ሊጠቀስ የሚችል ጉዳይ ነው አለ። እስከዳር አየችው። አራት ዓመት ሙሉ አቀርቅራ ያዳመጠችው ሰው ይህ ነበር። ቀና ብላ ስታየው ለማቀርቀር የሚያበቃ ምንም ነገር አጣችበት።

ፈታኞቹ በዝግ ተነጋገሩ። ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ ሁለቱንም ለየብቻ እንመርምር፣ ልጁ ይውደቅ አሉ። አካለ ወልድ ስለ ልጁ የወደፊት ሕይወት፣ ስለ ቤተሰቡ ተስፋ፣ ስለ ኮሌጁ ስም ረጅም ንግግር አደረገ። ስለ ልጅቷ የወደፊት ሕይወት የተናገረ ሰው እንዳልነበረ እስከዳር የሰማችው ቃለ ጉባኤ ከያዘችው ጸሐፊ ነው። ሁለት ሳምንት ተሰጣቸው፤ ለየብቻ ጽፈው እንዲያስረክቡ ተወሰነ።

አንሙት መስክ መውጣት ሳያስፈልገው ከመጻሕፍት ብቻ አንድ ጽሑፍ አዘጋጀ። ማጣቀሻው የተሟላ ነው ተብሎ ‹ቢ› ተሰጠው። እስከዳር በአሥራ አምስቱ ሴቶች ብቻ ጻፈች። አካለ ወልድ የተጠያቂዎቹ ቁጥር አነስተኛ ነው ብሎ ‹ሲ› ሰጣት። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ካባ ተመረቁ። አንሙት በነሐሴ በአንድ ወረዳ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ። ዘማርያም የእህቱን ወረቀት አገላብጦ ‹ሲ› የሚለውን ሲያይ ላማችንም ከዚህ አታንስም ነበር አለ። እስከዳር ግን በዚያ ቀን መለሰችለት። ላሟ እንኳ ስላልጠየቀቻት ሴት አታወራም አለችው። አባቷ ሳቁ፤ ዘማርያም አልሳቀም።

መስከረም ገብቶ መንገዱ ሲከፈት እስከዳር የጥናቱን አንድ ቅጂ ይዛ ይጁቤ ወረደች። ወይዘሮ ዘሪቱ አሁንም በጓሮ በኩል ሊያዞሯት ቃጡ፤ ይህን ጊዜ ግን እየሳቁ ነበር። መደቡ ላይ ተቀምጣ ስለ እሳቸው የጻፈችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። አምሳሉ፣ ኮሚቴው፣ ወረቀትና እስክሪብቶው፣ ሁሉም አለ። ሴትዮዋ ሲያዳምጡ ቆዩና ይህች ተሳታፊ ሰባት የምትያት ማናት ብለው ጠየቁ። እርስዎ ነዎት አለቻቸው። የሰው ስም በጥናት ውስጥ እንደማይገለጽ፣ ይህም ለእሳቸው ክብርና ጥበቃ ተብሎ የተደረገ እንደሆነ አስረዳቻቸው። ወይዘሮ ዘሪቱ እስክትጨርስላቸው ድረስ ጠበቁ። ከምን ነው የምጠበቀው አሉ፤ አምሳሉ እንደሆነ ታሪኩን ከእናንተ በፊት ያውቀዋል።

ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጇ ተቀበሉና ተሳታፊ ሰባት ከሚለው አጠገብ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ።